የዓሣ ኩሬ የአየር ማሽን ያስፈልገዋልን?

ንጋት ላይ የኩሬ ዓሦች በውኃው ገጽ ላይ ተሰብስበው፣ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ከታዩ ብዙውን ጊዜ ርቧቸው ነው ተብሎ መኖ ይበተንላቸዋል። ዓሦቹ ያጡት ግን አየር እንጂ መኖ አይደለም። በዚያ ሰዓት የሚጨመር መኖ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ረፋድ ላይ ትልልቆቹ ሞተው ይንሳፈፋሉ፤ የስድስት ወር ልፋትም በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በጓሮ ኩሬ ቆፍሮ፣ ጂኦሜምብሬን አንጥፎ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ለማርባት የሚነሣ አርሶ አደርና የከተማ ነዋሪ ጥቂት አይደለም። ከዚሁ ጋር አብሮ የሚነሣው ጥያቄ ለኩሬው የአየር ማስገቢያ ማሽን መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። መልሱ በማሽኑ ጥራት ሳይሆን በኩሬው ውስጥ በሚጨመረው ነገር መጠን ላይ ይመሠረታል።

የኩሬ ውኃ አረንጓዴ የሚሆነው አልጌ በሚባሉ ደቃቅ ዕፅዋት ነው። አልጌዎቹ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ማምረታቸውን ያቆማሉ፤ መተንፈሳቸውን ግን አያቆሙም። ሌሊቱን ሙሉ ዓሣውም፣ አልጌውም፣ በኩሬው ወለል ላይ የተረፈ መኖና ፍግ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎችም ያንኑ ኦክስጅን ይሻማሉ። ስለዚህ የውኃው ኦክስጅን እጅግ የሚቀንሰው ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ውኃው ይበልጥ አረንጓዴ በሆነ ቁጥር ቀን የሚመረተው ቢበዛም የሌሊቱ ዕዳ አብሮ ያድጋል። በክረምት ለተከታታይ ቀናት ሲደምን ደግሞ የቀኑ ምርት ራሱ ያንሳል፤ ለዚህም ነው በሐምሌና በነሐሴ የኩሬ ዓሣ ጥበቃ የሚበረታው።

በደጋማው አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታ በጨመረ መጠን ይቀንሳል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ ንጹሕ ውኃ በባሕር ጠለል ደረጃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። ያው ውኃ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ባሕር ዳር ሲሆን የሚይዘው 6.6 ሚሊ ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ቆሮሶ ጠንካራ ዓሣ ቢሆንም በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በላይ ሲያገኝ በደንብ ያድጋል፤ ከ3 በታች ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። በመሆኑም በቆላ ወይም በሌላ አገር ለሚገኝ ኩሬ የተጻፈ የዓሣ ብዛት ምክር እንዳለ ተወስዶ ደጋ ላይ ቢተገበር የሚቀረው ትርፍ አየር ጠባብ ነው። አምባዛ በዚህ ረገድ ይለያል። ከጉሮሮው አጠገብ ባለ ልዩ አካል ከውኃው በላይ ያለውን አየር በቀጥታ ስለሚተነፍስ ቆሮሶ የማይችለውን ውኃ ይችላል።

ማሽኑ ምን ይሠራል? ውኃ የሚቀዝፈውም ሆነ በቱቦ አረፋ የሚነፋው ከከባቢው አየር ኦክስጅን ወደ ውኃው ያስገባል። ሥራው ይኸው ነው። ውኃውን አያጸዳም። ዓሣ ከመኖ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ወደ ሥጋ የሚለውጠው ከሩብ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን ብቻ ነው፤ የቀረው አብዛኛው አሞኒያ ሆኖ ወደ ውኃው ይመለሳል። አረንጓዴ ውኃ ከቀትር በኋላ አሲዳማነቱ ስለሚቀንስ አሞኒያው ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። ማሽን ገዝቶ መኖውን እጥፍ ያደረገ ሰው ዓሦቹን ከመታፈን አድኖ ለአሞኒያ ይዳርጋቸዋል።

ስለ ዓሣ ገንዳ በበይነ መረብ የሚያፈላልግ የከተማ ነዋሪ ፕሮቲን ስኪመር የሚባል መሣሪያ ማየቱም አይቀርም። ይህ በእርግጥ ቆሻሻ ያወጣል። ደቃቅ የአየር አረፋ ሲነፋ በውኃው የሟሟ የመኖና የዓሣ ተረፈ ምርት በአረፋው ላይ ተለጥፎ ወደ ላይ ይወጣና በመያዣው ይጠራቀማል። ነገር ግን የተሠራው የባሕር ዓሣና ኮራል ለሚይዙ የመስታወት ገንዳዎች ነው። በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ባለው የባሕር ውኃ አረፋው ደቃቅ ሆኖ ይቆያል፤ በሐይቅ፣ በወንዝ ወይም በቧንቧ ውኃ ግን አረፋዎቹ እርስ በርሳቸው እየተዋሐዱ ስለሚተልቁና ቶሎ ስለሚፈነዱ ቆሻሻውን ተሸክመው አይወጡም። የባሕር ገንዳ ያላቸው ሰዎች እንኳ ሁሉም አይጠቀሙበትም። ጥቂት ዓሣ ይዞ፣ መኖ ቆጥቦ፣ ከውኃው ከፊሉን በየጊዜው የሚቀይር ሰው ያለ መሣሪያው ይዘልቃል። ለቆሮሶ ኩሬም ሆነ ለሳሎን የጨው አልባ ውኃ ገንዳ በዚህ መሣሪያ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ብክነት ነው።

በምሳሌ ለማስላት ያህል 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ኩሬ ይወሰድ። በካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ ቢገባበት 300 ይሆናል። እያንዳንዱ 100 ግራም ሲደርስ ጠቅላላ ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም ነው፤ የቀን መኖው በ3 በመቶ ሲሰላ ከ900 ግራም አይበልጥም። ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ በዚህ መጠን ተመዝኖ የሚቀርብለት፣ ፍግ ያልበዛበት ኩሬ ማሽን አይሻም። በካሬ ሜትር አሥር ዓሣ ሲታጨቅ ግን ስሌቱ ፈጽሞ ይለወጣል። ያን ጊዜ ማሽን ግዴታ ይሆናል፤ ከማሽኑ ጋርም የመብራት መቋረጥ ስጋት ይመጣል። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ማሽን ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢሠራ 4.5 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 135 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይወስዳል። ከፍጆታው ይልቅ የሚያስፈራው መብራት የጠፋበት አንድ ሌሊት ነው። ጥቂት ዓሣ ያለው ኩሬ መብራት ቢጠፋ ምንም አይሆንም፤ በማሽን ተማምኖ የታጨቀው ግን ጀነሬተር ከሌለው እስኪነጋ ላይቆይ ይችላል።

ገንዘብ የማይጠይቀው መለኪያ ክንድ ነው። ክንድን ቀስ ብሎ እስከ ክርን ውኃው ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ውኃው ክርን ጋ ሳይደርስ መዳፍ ከጠፋ አልጌው በዝቷልና ፍግ መጨመር ማቆም ያስፈልጋል። ክርን ከሰመጠም በኋላ ጣቶች ጥርት ብለው ከታዩ ውኃው የተፈጥሮ ምግብ አንሶታል፤ ጥቂት ፍግ ሊጨመር ይችላል። በደፈረሰ ውኃ ይህ ልኬት አይሠራም፤ መዳፉን የሸፈነው አፈር ይሁን አልጌ አይለይምና።

ዓሦቹ እያለከለኩ ለተገኙበት ጠዋትም መፍትሔው ቅርብ ነው። የዕለቱን መኖ መከልከል፣ ከዚያም ንጹሕ ውኃ ከከፍታ እንዲወርድ ማድረግ ይገባል። የማስገቢያው ቱቦ ውኃው ውስጥ ከተቀበረ የሚያስገባው አየር ጥቂት ነው፤ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በተበሳሳ ቆርቆሮ ላይ ሲፈስ ግን ውኃው እየተፈነጠቀ አየር ይቀላቅላል። መውጫው ደግሞ ከኩሬው ወለል ቢሆን ይመረጣል፤ የከፋው ውኃ ከታች ያለው ነውና። ይህ ውኃ ናይትሮጅን ስላለው ወደ ጎመኑና ወደ ሽንኩርቱ መደብ ቢለቀቅ ለማዳበሪያ ከሚወጣው ወጪ ከፊሉን ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ አድርጎ፣ መኖውን መዝኖና የዓሦቹን ቁጥር ልክ አስገብቶ፣ አሁንም ዓሦቹ በየንጋቱ የሚያለከልኩበት አርቢ፣ ወይም ለገበያ ብሎ አጭቆ ለማርባት የወሰነ፣ ማሽን ቢገዛ ተገቢ ነው። ከመክፈሉ በፊት የኩሬውን ስፋትና ጥልቀት፣ የዓሦቹን ብዛትና የአካባቢውን ከፍታ ይዞ የወረዳውን የዓሣ ሀብት ባለሙያ ቢያማክር ለኩሬው የሚበቃውን አቅም ለይቶ መግዛት ይችላል። ሲጠቀምበትም በሌሊት ቢያስነሣው ይሻላል፤ ቀትር ላይ አልጌው ራሱ ውኃውን በኦክስጅን ስለሚሞላው ያን ሰዓት ማሽኑን ማሠራት የመብራት ወጪ ብቻ ነው።