የድሮ ጠመንጃ ዋጋው እንዴት ይገመታል?

ቦንጋ አጠገብ ባለች አንዲት መንደር ለማስተማር ተመድቤ ሳለ፣ ከተማሪዎቼ መካከል ዕድሜያቸው የገፋ አንድ አባት ነበሩ። አንድ ማታ ትምህርቱ አብቅቶ ሰው ሁሉ ሲበተን እሳቸው ቀሩ። «ልጄ፣ የምታነብልኝ ነገር አለ» አሉኝ። ደብዳቤ መስሎኝ ተከተልኳቸው። ቤት ስንደርስ ግን ከቆጡ ላይ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ጠመንጃ አወረዱ። በብረቱ ላይ የተቀረጹትን ጥቃቅን ምልክቶች በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይሄ ከኛ ፊደል አይደለም። ሀ ሁን ካወቅሁ ወዲህ ከሰሌዳው ላይ ፈልጌ አጣሁት። ምን ይላል?» አሉ።

ጠመንጃው የአያታቸው ነበር። አንድ ነጋዴ አይቶት «ለማረሻ ከሚሆን ብረት አይበልጥም» ብሏቸዋል። ጎረቤታቸው ደግሞ «እንዲህ ያለው ጥንታዊ ዕቃ ውጭ አገር ሚሊዮን ያወጣል» ይላል። እሳቸው በሬ ሞቶባቸው ነበርና ገንዘብ በጣም ያስፈልጋቸዋል። «ከሁለቱ እውነቱን የተናገረው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ማታ መልስ አልነበረኝም። በኋላ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን እነሆ።

በመጀመሪያ ደረጃ ጠመንጃው ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የእኚህ አባት ጠመንጃ በባልጩት የሚተኮስ ነው። ምላጩ ሲሳብ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ወርዶ አንዲት የብረት ሳህን ይገጫል። ብልጭታው ከበርሜሉ ጎን ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ላይ ወደ ተነሰነሰው ባሩድ ይወድቃል። እሳቱም በቀጭን ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ያቀጣጥላል። ያኔ አረሩ ይወጣል። ባሩዱና አረሩ የሚገቡት በአፈሙዙ በኩል ሲሆን በዘንግ ይጠቀጠቃሉ። አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና እስኪያጎርሱት ድረስ ጊዜ ይወስዳል።

ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ በአውሮፓ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ጀምሮ ግን በባልጩት ፈንታ በትንሽ የመዳብ ቆብ የሚተኮስ ጠመንጃ ተተካ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ የባልጩት ጠመንጃዎች መዶሻቸው እየተነቀለ ወደ አዲሱ ዓይነት ተለወጡ። ስለዚህ ሳይለወጥ የቀረው ዛሬ ይበልጥ ይፈለጋል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አሮጌ ጠመንጃ ባዶ ነው ብሎ ማመን አይገባም። ለብዙ ዓመት ውስጡ የቆየ ባሩድ አሁንም ሊፈነዳ ይችላል። ማጣሪያው ዘዴ ቀላል ነው። አፈሙዙን ከሰው አርቆ፣ ራስንም በፊቱ ሳይደቅኑ፣ ቀጭን እንጨት ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ማስገባትና የገባበትን ልክ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ እንጨቱን አውጥቶ በበርሜሉ ውጭ ማስተያየት። እንጨቱ እስከ እሳት ማስገቢያው ቀዳዳ ካልደረሰ ውስጡ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እንግዲያውስ እጅን ሰብስቦ ለሚያውቅ ባለሙያ መንገር ነው። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ዋጋውን የሚወስኑት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ የበርሜሉ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ የባልጩት ጠመንጃዎች ውስጣቸው ልሙጥ ነው። በጥቂቶቹ ግን እንደ ሐረግ የሚጠመዘዙ ቦዮች ተቆፍረዋል። ቦዮቹ አረሩን እያሽከረከሩ ስለሚልኩት ዒላማ በቀላሉ አይስትም። ሆኖም ለማጉረስ ያዘገያል፣ ለመሥራትም ይከብዳል። ስለዚህ ጥቂት ተሠራ፤ ባለ ቦዩ ዛሬ ከልሙጡ ይልቅ ብርቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ሙሉነቱ ነው። መዶሻው፣ ዘንጉ፣ ሰደፉ፣ ምላጩ ያኔ ሲሠራ የነበሩት ናቸው ወይስ በኋላ የተተኩ? አንድ ዕቃ በጎደለ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ መልኩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ካላበራ ማን ይገዛኛል?» ብሎ በአሸዋና በሎሚ ይፈትገዋል። ዕቃ ሰብሳቢ ግን የሚፈልገው ዕድሜ ያጠቆረውን ብረት ነው። የተፈተገ ብረት ምልክቱም ዕድሜውም አብሮ ይጠፋል። ጨርሶ የማይመለስ ጉዳት ይሄ ነው።

አራተኛ፣ ምልክቱ ነው። የጠመንጃ ከተሞች በርሜሉን በብዙ ባሩድ ፈትነው ማኅተም ይመቱበት ነበር። ለምሳሌ የቤልጅግ ከተማ የሊዬዥ ማኅተም በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ያሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ናቸው። ማኅተሙ የሚናገረው የተፈተነበትን ከተማ ነው እንጂ ዋጋውን አይደለም። ሊዬዥ ወደ አፍሪካ የሚሄድ ርካሽ ጠመንጃም በብዛት ሠርታለች።

አምስተኛ፣ ታሪኩ ነው። የማን ነበር? በየት መጣ? ምስክርስ አለው? በከፋ ምድር ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። የከፋ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. በዘመተበት ጦር ላይ በጦርና በጋሻ፣ በጥልቅ ጉድባና በአጥር ሲከላከል በእጁ የነበሩት ጠመንጃዎች እጅግ ጥቂትና አሮጌ ነበሩ። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ የተያዙት በ1890 ዓ.ም. መባቻ ነው። እንግዲህ በአንድ ከፋ ቤት ቆጥ ላይ የተገኘ አሮጌ ጠመንጃ የዚያ ዘመን ምስክር ሊሆን ይችላል። ታሪኩን የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይጻፍለት ከሞተ ግን ዋጋውም አብሮ ይሞታል።

ስድስተኛ፣ ገዢው ነው። ብርቅ ሁሉ ውድ አይደለም፤ የሚፈልገው ሰው ከሌለ ብርቅም ይረክሳል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ያኔ የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ባለ ቆብ ጠመንጃ ይዞ መጣ። እሱ ራሱ እንደ ጻፈው፣ አውሮፓ የጣለው ይህ ጠመንጃ እዚያ 7 ወይም 8 ፍራንክ ሲያወጣ፣ ሸዋ ላይ ግን ወደ 40 ፍራንክ ይሸጥ ነበር። ይሁን እንጂ ምኒልክ በዚያው ዓመት ሐረርን ይዘው ሌላ መሣሪያ አግኝተዋል። ስለዚህ ዋጋውን ዝቅ አደረጉበት፤ የሞተው ሸሪኩ ዕዳም ተቀነሰበት። ራምቦ ተስፋ ያደረገውን ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ የተለወጠው የገዢው ፍላጎት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለልምምድ ብቻ ናቸው። መሰል ሦስት ጠመንጃዎች በ10 ሺህ፣ በ12 ሺህና በ14 ሺህ ብር ተሸጡ እንበል። አራተኛው 40 ሺህ ተብሎ ሳይሸጥ ቀረ። የተጠራ ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ ስለዚህ አራተኛውን እንተወዋለን። የሦስቱ አማካይ 12 ሺህ ነው። የኛው ዘንግ የለውም፣ ግማሹም ተፈትጓል፤ 4 ሺህ እንቀንስ። 8 ሺህ ቀረ። ነጋዴው ለድካሙና ለትርፉ 3 ሺህ ይወስዳል። በባለቤቱ እጅ የሚገባው 5 ሺህ ብር ነው ማለት ነው።

ከሒሳቡ ሌላ ሕግም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝና መሸጥ ይከለክላል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዛል። ስለዚህ በስውር ከሚሸጥ ይልቅ ለፖሊስና ለባህል ጽሕፈት ቤት ማሳወቁ ይሻላል። የሄደ ዕቃ በቀላሉ አይመለስም። የከፋ ነገሥታት ዘውድ እንኳ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ስዊዘርላንድ ገብቶ፣ የተመለሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በ1947 ዓ.ም. ነው።

ወደ እኚያ አባት ልመለስ። በባትሪ ወደ በርሜሉ ውስጥ አየን፤ ልሙጥ ነው፣ ቦይ የለውም። አንዱ ጎኑ ያብረቀርቃል። «ነጋዴው ከመምጣቱ በፊት በሎሚና በአሸዋ አጠብኩት፤ ደስ እንዲለው ብዬ» አሉኝ። በሌላው ጎን ግን በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ሦስቱ ፊደላት ነበሩ። «የሊዬዥ ነው አባባ፤ ቤልጅግ አገር የተፈተነ» አልኳቸው። ከማረሻ ብረት በብዙ ይበልጣል፤ ከሚሊዮን ደግሞ በብዙ ያንሳል። ነጋዴውም ጎረቤትየውም ተሳስተዋል።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ደብተራቸውን አምጥተው፣ «በል እንግዲያ አያቴ እንዴት እንዳገኘው ልንገርህ፤ አንተ ግን አትጻፍ፣ እኔው እጽፈዋለሁ» አሉ። አራት መስመር ለመጻፍ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየን። ጠመንጃውን በዚያው ሳምንት ለማስመዝገብ ወሰዱት። በሬውን ኋላ ከማርና ከቡና ሽያጭ ገዙ።

ጥያቄዎች
1. አሮጌ ጠመንጃ ባዶ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?
2. ያልተሸጠው የአራተኛው ጠመንጃ ዋጋ ለምን ከሒሳቡ ወጣ?
3. በቤታችሁ ከአያት የቆየ ዕቃ አለ? ታሪኩን በአራት መስመር ጻፉ።