ስለ እግር እንቅስቃሴና ስለ ዝሆኔ ትኩሳት

ሰውነትን ዘወትር በልክ ማንቀሳቀስ ከጽኑ ተላላፊ ደዌ ይጠብቃል የሚለው ትምህርት፥ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ በየከተማው አደባባይ የሚነገር ሆኗል። ምስክርም አላጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የብዙ አገሮችን ጥናት አሰባስቦ የመረመረ አንድ ሥራ፥ አዘውትረው የሚንቀሳቀሱ ሰዎች በተላላፊ በሽታ የመያዛቸው ዕድል ከማይንቀሳቀሱት በ31 ከመቶ፥ በዚሁ በሽታ የመሞታቸውም ዕድል በ37 ከመቶ ያነሰ ሆኖ እንዳገኘው ገልጿል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይሁን እንጂ ይህን ምክር ይዞ ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ ምዕራብ ወደምትገኘው፥ የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ገሱባ የወረደ መምህር፥ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ማሳውን ሲቆፍር ለሚውለው ገበሬ፥ እንሰት ስትፍቅ፥ ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትሸከም ለሚመሽባት እናት ስለ እንቅስቃሴ ጥቅም ቢሰብክ፥ ነገሩ ለቀባሪው አረዱት ይሆንበታል።

ነገር ግን በዚሁ ታታሪ ሕዝብ መካከል፥ መሥራት እየወደደ በጎጆው ጥግ ተቀምጦ እንዲውል የተፈረደበት ወገን አለና፥ የእንቅስቃሴና የደዌ ነገር በወላይታ ምድር ሊመረመር የሚገባው በእርሱ በኩል ነው። ይህም ወገን፥ ሕዝቡ ዝሆኔ፥ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ሕመም እግሩን ያሳበጠበት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከ5 የሚበልጠው በዚህ ሕመም መያዙን አመልክቷል፤ ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ የተደረገው ቅየሳም የኢትዮጵያን ሕሙማን 1.5 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ገምቷቸዋል።

ብዙ ዘመን ሰዎች ይህን ደዌ እንደ እርግማን ወይም እንደ ዘር ነቀፋ ሲቆጥሩት፥ ሐኪሞችም ትንኝ ከሚያስተላልፈው፥ ከትል ከሚመጣው የእግር እብጠት ጋር ሲያቀላቅሉት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የተመራመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን፥ ሕመሙ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልክ በባዶ እግር ከመሄድ እንደሚመጣ፥ በቆዳ በኩል የሚሰርጉትም ረቂቅ የአፈር ቅንጣቶች ሊምፍ የተባለውን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች እንደሚያቆስሉ አስረዳ። በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው አብረው ከሚውሉት ሁለት ሰዎች የአንዱ እግር ሲያብጥ የሌላው በደኅና የሚቀርበት ምክንያት ደግሞ፥ ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ የወላይታን ሰዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ተገለጠ፤ አንዳንድ ሰው ለአፈሩ የሚሸነፍ ተፈጥሮ ከወላጆቹ ይወርሳል ማለት ነው። ስለዚህ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

የማይተላለፈው ይህ ሕመም ግን ለሌላ ጽኑ ኢንፌክሽን ደጅ ይከፍታል። የሊምፍ መንገዱ በተዘጋበት እግር ፈሳሹ ታቁሮ ይቀራል፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፥ በጣቶቹ መካከል ይላላጣል፤ በስንጥቁም ተሕዋስያን በገቡ ጊዜ ሕሙሙ ድንገት ብርድ ብርድ ይለዋል፥ ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል፥ በብሽሽቱ ንፍፊት ይወጣበታል፥ እግሩም እየጋለና እየጠዘጠዘ ለቀናት ከመኝታ ያውለዋል፤ በእያንዳንዱም ትኩሳት እብጠቱ እየጠና ይሄዳልና፥ ለሚቀጥለው ትኩሳት መንገድ ይጠርጋል።

የእንቅስቃሴ ጥቅም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ደምን የሚገፋው ልብ ሲሆን፥ ሊምፍ ግን እንዲህ ያለ ብርቱ ገፊ የለውም፤ ወደ ላይ የሚያወጡት የገዛ ቧንቧዎቹ መኮማተርና የባት ጡንቻ መጭመቅ ናቸው። እንግዲህ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፥ ጣቶችን ማጠፍና መዘርጋት፥ ተረከዝን ማንሣትና ማውረድ፥ ለሚያየው ሰው የሕፃን ጨዋታ ቢመስልም፥ የታቆረውን ፈሳሽ የሚያነቃንቅ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ በባዶ እግር መቆፈር ግን ይህን አይተካም፤ እንዲህ ያለው ድካም ጡንቻን ቢያሠራም ቆዳን ለአፈሩና ለቁስል አሳልፎ ይሰጣልና። ትኩሳቱ በተነሣ ጊዜ ደግሞ እንቅስቃሴው ይቋረጣል፤ እግር ከፍ ብሎ ያርፋል፥ ሕሙሙም ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

ይህ ትምህርት በምሥራቅ ጎጃም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ በታተመው ጥናት 696 ሕሙማን በሁለት ወገን ተከፍለው፥ አንደኛው ወገን እግር ማጠብን፥ ቆዳ ማለስለስን፥ በፋሻ መጠቅለልን፥ የእግር እንቅስቃሴን፥ ካልሲና ጫማ ማድረግን ለ12 ወር እንዲፈጽም ተደረገ፤ በዓመት በአንድ ሰው ላይ የሚደርሰው ትኩሳትም በዚህ ወገን 19.4 ጊዜ ሲሆን፥ በሌላው 23.9 ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ትኩሳቱ ፈጽሞ ባይጠፋም ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ቀንሷል። ከዚህ ውስጥ የእንቅስቃሴው ድርሻ ይህን ያህል ነው ብሎ ነጥሎ መናገር አይቻልም፤ ዝምድናቸው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነውና፥ እግሩ ሳይታጠብ ቢንቀሳቀስ ስንጥቁ ለተሕዋስያን እንደ ተከፈተ ይቀራል፥ የታጠበውም እግር ሳይንቀሳቀስ ቢቀር ፈሳሹ ተመልሶ ይታቆራል።

ታዲያ ብዙ ዋጋ የማይጠይቀው ይህ መድኃኒት ስለ ምን ለሕሙማኑ ዘገየ? ስንፍና ነው እንዳይባል፥ ሕሙሙ ሥራ የሚፈታው ወዶ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በወላይታ ላይ የተጻፈው የኢኮኖሚ ጥናት፥ ሕመሙ ከሕሙሙ የሥራ ቀን 45 ከመቶውን እንደሚነጥቀው፥ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረውም በዚያ ዞን በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚበልጥ ኪሳራ እንደሚያደርስ አስልቷል። ሕሙሙን ከሥቃዩ ባላነሰ ከቤት የሚያውለው ነውሩ ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው፥ ከትዳር የሚያርቀው፥ ከጸሎት ቤትና ከለቅሶ የሚያስገልለው የወገኑ ዓይን ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር በሚያጥቡበት አገር፥ ያበጠ እግር ያለውን ሰው መጸየፍ ከሃይማኖትም ከሕክምናም ጋር የማይስማማ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በሶዶ ለዝሆኔ ሕሙማን የተመሠረተው የሞሲ ፉት ማኅበር የነውሩን ነገር ቀደም ብሎ የተረዳ ይመስላል፤ ራሳቸው ታመው፥ ታክመውም የተሻላቸውን ሰዎች አሠልጥኖ ለሌሎች ሕሙማን አስተማሪ አድርጓቸዋልና፥ በገበያ ጫማ ለማይገኝለት እግርም በልኩ ሲያሰፋለት ቆይቷል። የራሱን እግር አጥቦ፥ ጫማ አድርጎ፥ ከሰው መካከል ቆሞ የሚያስተምር ሰው ሕክምናውንም ክብሩንም በአንድ ጊዜ ያሳያል።

በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይህንኑ ሊያስተምሩ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ ውኃ በሩቅ በሚቀዳበት፥ ለሳሙናና ለጫማ የሚተርፍ ገንዘብ በሌለበት ቤት፥ ትምህርት ብቻውን ሸክም ይሆናል። ስለዚህ በገሱባም ሆነ በሌላው የወላይታ ምድር «ተንቀሳቀስ» የሚል ሁሉ፥ ከምክሩ ጋር ሳሙናና ፋሻ እንዲደርስ፥ ሕፃናት በቀዩ አፈር ላይ መራመድ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ጫማ እንዲያገኙ፥ የታመመውም ሰው በገበያና በጸሎት ቤት ያለ እፍረት እንዲቆም የማድረግ ዕዳ አለበት፤ ይህ ዕዳ ሳይከፈል የሚሰጥ ምክር ጥፋቱን ከማኅበረሰቡ አንሥቶ በሕሙሙ ላይ መጫን ይሆናል።