ሕልም ላይ መሆንዎን በሕልምዎ ማወቅ

በሕልምዎ ሲያባርሩዎት እግርዎ አልሄድ ብሎዎት ያውቃል? እዚያው ተኝተው ሳሉ «ይሄማ ሕልም ነው» ብለው ዞር ቢሉስ? ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዛዊው ኪት ሄርን፣ ማለሙን ያወቀ ሰው ሳይነቃ ዓይኑን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ ምልክት ሲሰጥ በመሣሪያ መዝግቧል።

ጀማሪ ከሆኑ ደብተር ትራስጌ ያስቀምጡ። ሲነቁ ስልክዎን ሳይነኩ ያዩትን ይጻፉ፤ ቁርጥራጭም ቢሆን። ውሎ አድሮ የሚደጋገም ነገር ያገኛሉ፦ የድሮ ትምህርት ቤት፣ በሕይወት የሌለ ዘመድ፣ ያመለጠ ታክሲ። (ፍቺውን ለእናትዎ ይተዉት፤ እኛ የምንፈልገው ድግግሞሹን ነው።)

ቀን ቀን አፍንጫዎን በጣትዎ ይዝጉና በአፍንጫዎ ለመተንፈስ ይሞክሩ። ልማዱ ሕልምዎ ውስጥ ይገባል፤ አፍንጫዎ ተዘግቶ ከተነፈሱ እያለሙ ነው።

ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ወደ ንጋት ይረዝማል። ስለዚህ በተኙ በአምስት ሰዓት ገደማ ይነሡና የመጨረሻ ሕልምዎን ያስታውሱ፤ «ቀጥሎ ሳልም ሕልም መሆኑን አውቃለሁ» እያሉ ይተኙ። ዘዴው የአሜሪካዊው ተመራማሪ ስቲቨን ላበርጅ ነው። ለቅዳሜ ሌሊት ያድርጉት እንጂ በሥራ ቀን እንቅልፍ መቆራረጥ አያዋጣም። ሕፃን ልጅ ካለዎት ደግሞ መቀስቀሻ ደወል አያስፈልግዎትም!

መጀመሪያ የተሳካልዎት ዕለት ደስታው ራሱ ሊቀሰቅስዎት ይችላል። ያን ጊዜ በሕልምዎ መዳፍዎን ያፋትጉ። እውንና ቅዠት የሚቀላቀልበት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።