የቀን መቁጠሪያው ጓዳ

ጠጋ በሉማ። ቀራንዮ ሰፈር ውስጥ በየሱቁና በየሳሎኑ ግድግዳ የሚሰቀለውን ያንን የሚያብረቀርቅ ቀን መቁጠሪያ ታውቁት የለ? ከላይ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል፣ ከሥሩ ጎላ ያለ ዓመተ ምሕረት፣ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የፈረንጁ። እንዲህ ኮራ ብሎ የተሰቀለው ቁጥር ጓዳው ምን እንደሚመስል እኔ አዘጋጇ ላሳያችሁ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ እንጂ!

አንድ ዓመት ልምረጥ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከነገሡ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነበትን፣ እኛ ዛሬ «1433 ዓ.ም.» ብለን የምናትመውን። የዚያ ዘመን ጸሐፊ ግን ብራናው ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ አይልም። ምን ይላል መሰላችሁ? «93 ዓመተ ምሕረት»።

አትደንግጡ። ጌታ ካረገ ስድሳ ዓመት ሳይሞላ የተጻፈ ብራና አላገኘንም። ነገሩ እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቀመር፣ በባሕረ ሐሳብ፣ 19ን በ28 ስታባዙ 532 ይመጣል፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው ነው። 532 ዓመት ሲሞላ ጨረቃውም፣ ዕለቱም፣ ፋሲካውም ወደ ጥንት ቦታቸው ይመለሳሉ። ጸሐፊውም ቁጥሩን ጥሎ ከአንድ ይጀምራል። ከዓመተ ሰማዕታት ተነሥተው ሲቆጥሩ ሁለተኛው ዙር በ1340 አለቀ፤ በ1341 እንደገና «አንድ» ተባለ። 1433 ስንደርስ 93። ይህን ሳያውቅ ብራና የሚያገላብጥ ሰው ስንት ጉድ ይሠራል፣ ብቻ ልተወው።

ያው ዓመት ሌላም ስም አለው። ከፍጥረት ሲቆጠር 6933፣ በሰማዕታት 1157። የቁስጥንጥንያ ሰዎችም ከፍጥረት ነው የምንቆጥረው ይላሉ፤ እነሱ ጋ ግን 6949 ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ዓለምን ያስረጇታል! አይሁድ ደግሞ ገና 5201 ናት ይላሉ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። በዚያው ዓመት ማለቂያ ላይ፣ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን አለቃ የነበሩት አባ ኒቆዲሞስ ከዚያ የላኳቸው የኛ መነኮሳት ጣሊያን ገቡ። ፍሎረንስ ነው የሄዱት፣ የሮሙ ጳጳስ አውጄንዮስ አራተኛ ወደሰበሰቡት የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ፤ ቃል አቀባያቸው ዲያቆን ጴጥሮስ ነበር። ትተዋት የወጡት ኢየሩሳሌም በማምሉኮች እጅ ናት፤ እዚያ ዓመቱ በሒጅራ 845 ነው። ፍሎረንስ ሲደርሱ 1441 አሏቸው። ከዚያ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ፒሳ ደግሞ፣ በዚያው ቀን 1442 ብላ ትጽፋለች። ከአዲስ አበባ አዳማ ከሚያስኬደው ባነሰ መንገድ አንድ ዓመት ሙሉ! ፒሳ ያኔ በፍሎረንስ ሥር ነበረች፤ ግብር ትከፍላለች፣ ዓመቷን ግን አላስነካችም።

ደግሞ ሁለቱም አዲስ ዓመታቸውን የሚለውጡት በጃንዋሪ አልነበረም። በማርች 25፣ በብሥራት ቀን ነው። ይህ ቀን በኛ ስንት እንደነበር ታውቃላችሁ? መጋቢት 29! የኛም ብሥራት፣ የኛም ጥንተ ትንሣኤ። ማለትም የቀራንዮ ሰው መጋቢት 27ን፣ ጥንተ ስቅለቱን፣ በጾም አስቦ ሁለት ቀን ሲቆይ ፍሎረንስ ርችቷን ባትተኩስም ዓመቷን ትቀይራለች። (የመድኃኔ ዓለም ትልቁ ንግሥ ወደ ጥቅምት 27 የዞረው መጋቢቱ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል መሆኑንም በዚሁ ያዙልኝ።)

መነኮሳቱ የገቡት በኦገስት መጨረሻ፣ ጉባኤው ፊት የቆሙት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። በመካከሉ እንቁጣጣሽ ዋለ። በ1433 ገብተው በ1434 ተናገሩ ማለት ነው። አደይ አበባ ማን ይዞላቸው ይምጣ?

እና ይህ ሁሉ ትርምስ እያለ... ፋሲካስ? እዚህ ላይ ነው ምስጢሩ። እስቲ ከኔ ጋር አስሉ። 6933ን ለ19 ስንገድፍ 17 ይቀራል፤ አንዱን ለዘመን ትተን ወንበር 16። በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፍ አበቅቴ 26፤ እስከ 30 የሚጎድለው መጥቅዕ 4። ጥቅምት 4 ቅዳሜ ዋለ፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8፤ ሁለቱ ሲደመሩ መባጃ ሐመር 12። ነነዌ የካቲት 12፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 21። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤፕሪል 16። የሮሙ ጳጳስም፣ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክም፣ የኛም ካህናት በዚያችው እሑድ ነው የፈሰኩት! ስለ ሃይማኖት ቃል ሲከራከሩ የከረሙት ሁሉ ሒሳባቸው ከአንድ ጓዳ፣ ከእስክንድርያ፣ የተቀዳ ነበር። የተለያየነው በኋላ ነው፤ በ1582 የሮሙ ጎርጎርዮስ ኦክቶበር 4ን አሳድሮ በማግሥቱ 15 ብሎ ሲነሣ።

ለዚህ ነው እኛ አዘጋጆች እርስ በርስ የምንተዛዘበው። የዛሬን ልዩነት ይዞ ወደ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሚሮጥ አለ። መስከረም 1 ቀን 1434ን «ሴፕቴምበር 11 ቀን 1441» ብሎ ያተመ ካያችሁ ምንም አትበሉት፤ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ኦገስት 29 ነበር።