የኩክ ረግረግ፦ ቦይ የመሰከረለት እርሻ

ገብስና ስንዴ ለአርኪኦሎጂ ባለሙያ ባለውለታ ናቸው። ምድጃ ዳር የወደቀች ፍሬ ከሰለች ማለት ለሺህ ዓመታት አፈር ውስጥ ትቆያለች። ጎደሬ ግን ተቀቅሎ ይበላል፣ የተረፈው ይበሰብሳል። ሥራሥር የሚተክል ሕዝብ ጥንት ገበሬ እንደነበረ ማወቅ የሚሻ ሰው እንግዲህ ከዘሩ ይልቅ ማሳውን መፈለግ አለበት።

በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ፣ በዋጊ ሸለቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የኩክ ረግረግ እንዲህ ያለ ማሳ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የሻይ ምርምር ጣቢያ ሲቋቋምበት ውሃውን ለማንጣፈፍ ቦይ ተቆፈረ። በአዲሱ ቦይ ግድግዳ ላይም በሌላ አፈር የተሞሉ የድሮ ቦዮች ቅርጽ ታየ። በ1972 በአርኪኦሎጂ ባለሙያው በጃክ ጎልሰን የሚመራ ቡድን ሰፊውን ቁፋሮ ጀመረ።

የተገኘው ነገር ያስደንቃል። ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት የቦታው ሰዎች ጭቃውን እየከመሩ ጉብታ ይሠሩ ነበር። ሙዝና ቦዬ ሥራቸው ውሃ ውስጥ ከዋለ ስለሚበሰብሱ አናቱ ይስማማቸዋል፤ እርጥበት ወዳዱ ጎደሬ ደግሞ ከግርጌው ይመቸዋል። በአንድ ክምር ሁለት ዓይነት መሬት ማለት ነው! የሙዙ ማስረጃ የመጣው ከቅጠሉ ነው። ተክል ከአፈር የሳበው ሲሊካ ቅጠሉ ውስጥ ጠጥሮ ጥቃቅን ቅንጣት ይሆናል፤ ቅጠሉ ቢበሰብስም ቅንጣቱ ይቀራል። የሙዝ ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ እሳተ ገሞራ አናቱ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ከዘመዱ ከእንሰትም የሚለየው በቅርጹ ነው።

ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ማሳውን የሚከፋፍሉ ቀጥ ያሉ ቦዮች መጡ። ያኔ ብረት በአገሩ ስላልነበረ የተቆፈሩት ያለ ብረት መሣሪያ ነው። የ10,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ጉድጓዶችም አሉ፤ እርሻ መሆናቸው ግን ዛሬም ያከራክራል። ለእኔ የ7,000 ዓመቱ ይበቃል፤ ግብርና ወደ ኒው ጊኒ ከውጭ ብቻ ገባ የሚለውን የቆየ ግምት የሚያፈርሰው እሱ ነውና። ዩኔስኮ 116 ሄክታሩን በ2008 በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የአካባቢው ነዋሪዎች የሆኑት የካዌልካ ሰዎች ዛሬም እዚያው ይተክላሉ።

እኛም የእንሰትና የጎደሬ አገር ነን። ለመንገድ ወይም ለቤት መሠረት ስትቆፍሩ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ቀለሙ የተለየ፣ ቅርጽ የያዘ አፈር ካያችሁ፣ ከመድፈናችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ላለው የባህል ጽሕፈት ቤት ንገሩ።