ቀዩ ትል ሲቆረጥ ሁለት አይሆንም

አርሲ ሲነሣ ስንዴው፣ ገብሱ፣ ከብቱና ሯጩ ይነሣል። የአሰላ ደጋ እጅግ የሚስማማው ሆኖ ሳለ እስካሁን ተገቢውን ክብር ያላገኘ ሌላ ፍጡር ግን አለ፤ በሣጥን የሚረባው ቀይ ትል። ሳይንሳዊ ስሙ ኤይሴኒያ ፌቲዳ ነው። ርዝመቱ ከጣት አይበልጥም፤ መልኩ ቀላ ያለ ሆኖ ፈዘዝ ያሉ ቀለበቶች አሉት። ዐይን የለውም፤ የሚተነፍሰውም በእርጥብ ቆዳው ነው። እበት፣ ገለባና የጓዳ ትራፊ እየበላ የግብርና ባለሙያዎች ቨርሚ ኮምፖስት የሚሉትን ጥቁርና ልል ብስባሽ ይሰጠናል።

ቤቱ ቀላል ነው፤ ከሥሩ ውሃ የሚያንጠፈጥፍ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሣጥን፣ ውስጡ የረጠበ ገለባና የበሰለ እበት፣ ከላዩ ጆንያ፣ ከዚያ ጥላ። ስለ ሣጥን ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

አየሩን በተመለከተ አሰላ ታድላለች። ቀዩ ትል የሚመቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። 30 ሲያልፍ ይጨነቃል፤ 35 ሲደርስ ያልቃል። አዳማ ላይ የሚያረባ ሰው ጥላ ሲያበጅና ውሃ ሲረጭ ይውላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጭላሎ ግርጌ የምትገኘው አሰላ ይህን ጣጣ አታውቀውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ትሉ መብላቱን ይቀንሳል እንጂ፣ ሣጥኑ ገለባ ከለበሰለት ምንም አይሆንም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልግባ። ከልጅነታችን ጀምሮ «ትል ለሁለት ሲቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል» ሲባል ሰምተናል። የተማረውም ያልተማረውም ይህንኑ ይደግመዋል። ጉዳቱም በወሬ አይቀርም። አንድ ወዳጄ ቤት ሄጄ ብስባሹን በአካፋ ጠርዝ ሲከትፈው አገኘሁት። «ኧረ ተው፣ ትሎቹን ፈጀሃቸው!» ስለው፣ «ምን አለበት? ይበዙልኛል እንጂ» ብሎኝ ሥራውን ቀጠለ። እንዲህ እያደረጉ «ትሌ አለቀብኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትሉ ፊትና ኋላ ላይን አንድ ይምሰል እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። አንጎል ሆኖ የሚያገለግለው የነርቭ ቋጠሮ ፊት ላይ፣ ከአፉ በላይ ይገኛል። እንደ ልብ ደም የሚገፉት አምስት ጥንድ ሥሮችና የመራቢያ አካላቱም ያሉት በፊተኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ከጅራቱ በኩል ጥቂት ከተቆረጠ የፊቱ ቁራጭ ቁስሉን ዘግቶ፣ የጎደለውን በመጠኑ ተክቶ ሊኖር ይችላል። የኋላው ቁራጭ ግን ለጥቂት ጊዜ ይንፈራገጥና አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ሰውን የሚያታልለው ይህ መንፈራገጥ ነው። መሐሉን ከቆረጣችሁት ደግሞ ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ። ቢቀና አንዱ ይተርፋል፤ ሁለት መሆን የለም።

ታዲያ እንዴት ይበዛል? እያንዳንዱ ትል ወንድም ሴትም ነው፤ ሆኖም በወጉ ለመራባት ጓደኛ ይሻል። ለአቅመ መራባት የደረሰው ወደ ራሱ ቀረብ ብሎ ወፍራም መታጠቂያ ያወጣል። ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይሰማው፣ ማታ የስልኬን መብራት በቀይ ፌስታል ሸፍኜ ጆንያውን ቀስ ብዬ እገልጣለሁ። ሁለት ትሎች ራሳቸውን በተቃራኒ አቅጣጫ አድርገው፣ ሆድ ለሆድ ተጣብቀው ጸጥ ብለው አገኛቸዋለሁ፤ ዘር እየተለዋወጡ ነው። ከተለያዩ በኋላ ሁለቱም ከመታጠቂያቸው ላይ ቀለበት ያመነጫሉ። ትሉ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ቀለበቱን በራሱ በኩል ያወልቀዋል። ቀለበቱ በሚያልፍበት ጊዜ እንቁላሉንና ከጓደኛው የተቀበለውን ዘር ይሰበስባል፤ ሲወልቅም ሁለቱ ጫፎቹ ይገጥማሉ።

የሰሊጥ ፍሬ የሚያክለው የእንቁላል ከረጢት እንዲህ ይሠራል። መጀመሪያ ቢጫ ነው፤ መፈልፈያው ሲቃረብ ይቀላል። በተመቸ ሙቀት ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ከአንዱ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ ክር የመሰሉ ነጫጭ ግልገሎች ይወጣሉ። እነሱም በሁለት ወር አካባቢ መታጠቂያ ያወጣሉ፤ በእኛ ብርድ ጥቂት ይዘገያል። ስለዚህ ብስባሹን ስትነፉ በወንፊቱ ላይ የቀሩትን ከረጢቶች አትድፏቸው፤ ወደ ሣጥኑ መልሷቸው። የሚቀጥለው ትውልድ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሌላው ስሕተት ጓሮ ቆፍሮ ያገኙትን ትል ሣጥን ውስጥ መክተት ነው። አፈር ሰርስሮ የሚኖረው የጓሮ ትል ሌላ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1881 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ያወደሰው ያንን አፈር ገልባጭ ነው፤ በብዙ የእንግሊዝ ቦታዎች በዓመት ከአንድ ኤከር ላይ ከአሥር ቶን በላይ አፈር በትሎች ሆድ ውስጥ እንደሚያልፍ ጽፏል። ቀዩ ትል ግን የሚኖረው ከአፈሩ በላይ፣ በሚበሰብስ ነገር ውስጥ ነው። ሣጥን የሚስማማውም ለዚህ ነው። ማሳ ላይ ብትበትኑት የሚበላው አጥቶ ይሞታል፤ ማሳ ላይ የሚበተነው ብስባሹ ነው። ዳርዊን ሌላም ነገር አሳይቷል። ትሎቹ ሙዚቃ አይሰሙም፤ ያሉበት ማሰሮ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ቁልፉ ሲመታ ግን ንዝረቱ ተሰምቷቸው ወደ ጉድጓዳቸው ይሸሻሉ። ሣጥናችሁን ከወፍጮና ከጄኔሬተር አርቁት።

ምግብ ላይም ግድ የለሽነት በዝቷል። የወጥ ትራፊ አትስጡት። ጨው ቆዳውን ያደርቀዋል፣ በርበሬ ያቃጥለዋል፣ ዘይት አየር ይነሣዋል። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትና በመጠኑ የቡና አተላ ደኅና ናቸው። ትኩስ እበት ሲከመር ስለሚግል፣ መጀመሪያ ለብቻው ሁለት ሳምንት ያህል ይብሰል። ላሟ በቅርቡ አይቨርሜክቲን የተባለውን የጥገኛ ትል መድኃኒት ወስዳ ከሆነ መድኃኒቱ በእበቷ ይወጣል፤ ለጥቂት ሳምንታት የሌላ ላም እበት ፈልጉ።

በ1967 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ የአርሲን ገበሬ ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር አስተዋውቋል። ያ ውለታ አይካድም፤ አንድ ሣጥን ብስባሽም የስንዴ ማሳ አይሸፍንም። የጓሮ ጎመንን፣ ድንችንና የችግኝ መደብን ግን በደንብ ይቀልባል።

መጀመር የምትፈልጉ ከሚያረባ ሰው አንድ ኪሎ ትል ከነብስባሹ ውሰዱ፤ በኪሎው ውስጥ ከሺሕ የሚበልጡ ትሎች ይኖራሉ። ምግባቸውን ከቀን ግማሽ ኪሎ አታሳልፉት። ስታገላብጡ በእጃችሁ አድርጉት፤ የሚናከስም የሚናደፍም አይደለም።