የጥያቄ ምልክት ሆኖ የደረሰ ደብዳቤ

ናይሮቢ ውስጥ በምናስተምርበት የኮምፒዩተር ክፍል አንዲት ተማሪያችን ከአገር ቤት በኢሜይል የተላከላት መልእክት ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ሆኖ ደረሳት። የሌላው ተማሪ መልእክት ደግሞ ትርጉም በሌለው የላቲን ፊደል ተሞልቶ መጣ። ሁለቱም «ተበላሽቷል» ብለው ሊሰርዙት ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ሊድን ይችላል። ልዩነቱን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ፊደል በቁጥር ይተካል። አስኪ የተባለው የቀድሞ ኮድ 128 ቦታዎች ብቻ ስላሉት ለግዕዝ ፊደል ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ችግሩ መቃለል የጀመረው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ነው። በዚያ «ሀ» 4608፣ «ሰ» 4656 ቁጥር አላቸው።

ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ነው፤ «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ይሆናል። የአማርኛ ፊደላት ሁሉ በ225 ይጀምራሉ። ላቲን-1 የተባለው የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ግን ይህንን ቁጥር አናቱ ላይ ጭረት ያለበት «ኤ» ብሎ ያነበዋል።

እንግዲህ፦

ይህ «ኤ» ከተደጋገመ ባይቶቹ አሉ፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው።

ባዶ ሳጥን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ፎንት ነው።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በመንገድ ላይ ያለ ፕሮግራም የማይችለውን ፊደል ጥሎታል። ላኪው እንደገና ይላክ።

በፓይተን ፕሮግራም መጻፍ ለምትማሩ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. መልእክቱን እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ባይት ክፈቱ።
2. በመልእክቱ ራስጌ የተመለከተውን የኮድ ስም አንብቡ። ርእሱ የራሱ ኮድ ሊኖረው ስለሚችል ለብቻው ይፈታ።
3. ጽሑፉ ለጉዞ በቤዝ-64 ተጠቅልሎ ከሆነ መጀመሪያ ፍቱት።
4. ከዚያ በኋላ በተባለው ኮድ ወደ ጽሑፍ ለውጡት።
5. የኮድ ስም ከሌለ ዩቲኤፍ-8ን አስቀድሙ። ካልተስማማ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት መሆኑን ይነግራችኋል። ላቲን-1 ግን ማንኛውንም ባይት ስለሚቀበል፣ ቀድሞ ከተሞከረ ስህተቱን ይደብቃል።
6. ዋናውን መልእክት አስቀምጡ።

የተማሪያችን መልእክት በዚህ መንገድ ተፈትቶ ሲነበብ፣ እናቱ ሆስፒታል መግባታቸውን የሚነግር ነበር። በዚያው ዕለት ደወለ። ተማሪዋም ቤተሰቦቿ መልእክቱን እንደገና እንዲልኩላት ጽፋለች።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ያልገባችሁን መልእክት ከመሰረዛችሁ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።